ለሥጋ ዘመድ ወረቀት?

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም ኡስታዝ። አዳማ ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከመቂ ሽንኩርት እያመጣ የሚነግድ ነው፤ 80,000 ብር አበድሪኝ አለኝ። ገንዘቡ የራሴ ነው፤ ባለቤቴም ተስማምቷል። «እሺ፣ በወረቀት እንዋዋል» ስለው ፊቱ ተለወጠ፤ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። አማቴም «ለሥጋ ዘመድ ወረቀት? ምን አድርጎሽ ነው?» ብለው አኮረፉኝ። መቼ እንደሚመልስ ስጠይቀው «ሽንኩርቱ ሲሸጥ» ከማለት በቀር ቁርጥ ቀን አልሰጠኝም። በሃይማኖታችን በዘመድ መካከል መጻፍ አለ ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? ምስክሮቹስ ሁለቱ የባለቤቴ እህቶች ቢሆኑ ይበቃል?

መልስ፦ ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። አላጠፋሽም።

ዛሬ ማታ ሙስሐፍሽን አውርጂና ሱረቱል በቀራን ቁጥር 282 ላይ ክፈቺ። የመዲናው እትም ከሆነ ገጽ 48 ነው። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ 15ቱንም መስመር፣ አንዲት አንቀጽ ብቻዋን ሞልታዋለች። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ እርሷ ናት። በሱረቱ ራሕማን ስለ ጀነት ልምላሜ የምትናገረው አንቀጽ አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ለብድር ወረቀት ግን ጌታችን ሙሉ ገጽ ሰጠው። በመግሪብና በኢሻ መካከል የማስቀራቸው ልጆች እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኛ አዋቂዎቹ አሳምረን እናነበዋለን፤ ከዚያ ጫማችንን አድርገን እንወጣና በቃል እንበዳደራለን።

ዐረብኛው ካስቸገረሽ በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ትርጉም አለ፤ አማትሽ አጠገብ ተቀምጠሽ አንብቢላቸው። አንቀጹ የሚጀምረው «እናንተ ያመናችሁ ሆይ» ብሎ ነው። ለባዕድ ብቻ ነው ወይም ለማታምኑት ሰው ነው የሚል ቃል የለበትም። ቀን ተቆርጦለት የሚከፈል ዕዳ ሲኖር ጻፉት ይላል፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍን አትሰልቹ ይላል። እጅ በእጅ የሚደረግ ግብይትን ባትጽፉ ግን ነውር የለባችሁም ይላል። ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ያስጠነቅቃል።

እኔን ዕድሜ ልኬን የሚገርመኝ አንድ ቦታ አለ። ቃሉን የሚያስጽፈው ማን ይመስልሻል? ተበዳሪው ነው። ጸሐፊው በትክክል ይጻፍ፣ ዕዳው ያለበት ሰው ያስጽፍ፣ ከዕዳውም ምንም አያጉድል ይላል። የአማትሽ ልጅ ያኮረፈው ወረቀቱን ገመድ አድርጎ ስላየው ነው። አንቺ በእርሱ ላይ አትጽፊበትም፤ እርሱ ራሱ ይናገራል፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። እንዲህ አድርገሽ ብታቀርቢለት ኖሮ ሻዩን ይጨርስ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ዑለማዎቹ በዚህ ትእዛዝ ተከራክረዋል። ጠበሪና ኢብኑ ሐዝም መጻፉ ግዴታ ነው ብለዋል። ብዙኃኑ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር 283 ይዘው፣ ሰው ሰውን ካመነ የታመነው አደራውን ይመልስ ስለሚል፣ መጻፉ የተወደደ እንጂ ዋጂብ (ግዴታ) አይደለም ብለዋል። እኔም የምከተለው ብዙኃኑን ነው። ሆኖም ከሁለቱም ወገን መጻፍ ዘመድን መናቅ ነው ያለ አላነበብሁም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አኼራ ሲሄዱ የጦር ጥሩራቸው በ30 ሷዕ (የእህል መስፈሪያ ነው) ገብስ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ መያዣ እንደነበረ እናታችን ዓኢሻ ነግራናለች፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ከእርሳቸው የበለጠ የሚታመን ሰው ማን ነበር?

አሁን የቤቴን ጉድ ልንገርሽ። አባቴ እዚሁ አዳማ እህል ይነግድ ነበር። አል-በቀራን ከነሙሉው በቃሉ ያውቃል፤ እኔንም ያስቀራኝ እርሱ ነው። ሲሞት፣ ሰላተል ጀናዛው (የቀብር ሶላቱ) ላይ እንደ ወጉ «ዕዳ አለብኝ የሚል፣ ዕዳ አለበት የሚልም ወደ እኛ ይምጣ» አልን። በሦስተኛው ቀን የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሽማግሌ መጡና 1,200 ብር አለኝ አሉ። ወረቀት የላቸውም። ያን ጊዜ 1,200 ብር ቀላል አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ አላምንም አለ፤ እናቴ የአባታችሁን ነፍስ አታንጠልጥሉ ብላ አምባሯን ሸጣ ከፈለች። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በቅጡ አልተነጋገሩም። ቤቱን ስናድስ ግን ከአሮጌ ካፖርቱ የውስጥ ኪስ የሻይ ቅጠል ፓኬት ክዳን ተገኘ፤ በእርሳስ፣ በአባቴ እጅ፣ «1,200 ወሰድሁ» ይላል፤ ከሥሩ «700 መለስሁ»። ቀሪው 500 ነበር ማለት ነው። ሽማግሌው ዋሹ አልልም፤ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር፣ ሳይረሱት አይቀሩም። አባቴም ጽፎ ነበር፣ ግን ለብቻው፣ ያለ ምስክር፣ በሻይ ፓኬት ላይ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እኛ ቤት የሚተርት የለም፤ ወንድሜ ይነሣል።

እናቴ ግን በመሠረቱ አልተሳሳተችም። ሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 11 እና 12 ውርስን ሲያከፋፍል «ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ» የሚለውን አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። የሐዲስ ሰብሳቢው ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ ደግሞ ለሸሂድ (ለሰማዕት) እንኳ ከዕዳ በቀር ሁሉም ይማርለታል። አማትሽ ወረቀቱ ለአንቺ ብር ብቻ የሚመስላቸው ከሆነ ይህንን ንገሪያቸው፤ ልጃቸው ከመንገድ ባይመለስ ከዕዳው የሚገላግለው ወረቀቱ ነው።

«ሽንኩርቱ ሲሸጥ» የሚለውን አትቀበዪ። ነቢዩ መዲና ሲገቡ ሰዎች ለሁለትና ለሦስት ዓመት ፍሬ አስቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው፤ የታወቀ ስፍር፣ የታወቀ ሚዛን፣ የታወቀ ጊዜ ይሁን አሏቸው። ሽንኩርት የታወቀ ጊዜ የለውም፤ አንድ ሳምንት ዝናብ ይዘንብና በየመጋዘኑ ይበሰብሳል። ወሩና ቀኑ ይጻፍ። ገንዘቡም በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፤ 80,000 ላይ ዜሮ መጨመርም መፋቅም ቀላል ነው።

ስለ ምስክሮቹ፦ አንቀጹ ሁለት ወንዶች፣ ካልተገኙ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ይላል፤ አንዷ ብትስት ሌላዋ እንድታስታውሳት። ከቀደሙት ዑለማዎች ኢብኑል ቀይም ይህ ባለ መብቱ ገንዘቡን የሚጠብቅበት መንገድ እንጂ ዳኛው የሚፈርድበት ማስረጃ በዚህ ብቻ ይወሰናል ማለት አይደለም ብለዋል። ክርክሩን ለዑለማዎቹ ትተሽ የአንዷን እህት ባል ወይም የሰፈር ሰው አንድ ወንድ ጨምሪ፤ ሁለቱ እህቶችም ይፈርሙ። ከምስክር ብዛት የሚጎዳ የለም። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ብዙ አይርቅም፤ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሲካድ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል፤ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ላይም ሁለት ምስክሮች እንዲኖሩ ያዛል።

አማትሽ ቤት፣ ቡናው ተፈልቶ፣ እርሳቸው ባሉበት አድርጉት። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱን እርሳቸው ሣጥናቸው ውስጥ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ያበደርሁት ሰው በቀጠሮው አልከፈለም፤ ስድስት ወር አለፈው። በየወሩ ትንሽ ቅጣት ብጨምርበት ሐራም ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ሐራም ነው። ለጊዜ የሚጨመር ገንዘብ አራጣ ነው፤ ስሙን ቅጣት ብትለው አይለወጥም። ሰውየው ከተቸገረ የዚያው ሱራ ቁጥር 280 እስኪያገኝ ታገሠው፣ ብትምረው ደግሞ የተሻለ ነው ይልሃል። እያለው የሚያመላልስህ ከሆነ ግን ባለጸጋ ዕዳውን ማዘግየቱ በደል መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል፤ ሽማግሌ ላክ፣ እምቢ ካለ ክሰሰው፣ አትፈር። ወረቀት ይኑርህ አይኑርህ ግን በደብዳቤህ አልጻፍህልኝም።