እያነቡ የሚወድቁ የሕክምና ተማሪዎች

ጥያቄ፦ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ መምህር ስሆን ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከቅድመ ክሊኒክ ተማሪዎቼ መካከል የመጀመሪያውን ፈተና የወደቁ አራት ልጆችን እንድመክር ተመድቤአለሁ። አራቱም በ12ኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤታቸው ቀዳሚ የነበሩ ናቸው። ስንፍና አላየሁባቸውም፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያነባሉ። «በርቱ፣ ጠንክራችሁ አንብቡ» ከማለት በቀር የምላቸው አጣሁ። በምን ልርዳቸው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚያነብን ልጅ ጠንክረህ አንብብ ቢሉት የሚገባው እስከ 10 ሰዓት አትተኛ የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ከመምከርዎ በፊት እንዴት እንደሚያነቡ ይዩ። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ጠርተው፣ የሚያነቡበትን ሃንድአውትና ደብተር ይዘው እንዲመጡ ያድርጉና አጠገባቸው ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ወደ እኔ ተልካ መጣች። ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች መረብ፣ ማለትም ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ በሦስት ዓይነት ቀለም እያሰመረች ስላነበበችው በሃንድአውቷ ላይ ያልተቀባ መስመር ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሃንድአውቱን ገልብጬ ባዶ ወረቀት ሰጠኋትና «እስቲ ሳይልኝ» አልኳት። ከ5ኛው የአንገት ነርቭ እስከ 1ኛው የደረት ነርቭ ያሉትን 5 ሥሮች ሳለች፤ ወደ 3ቱ ግንዶችም አደረሰቻቸው፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት 6ቱ ክፍፍሎች፣ 3ቱ ገመዶችና 5ቱ የመጨረሻ ቅርንጫፎች ከወረቀቱ ላይ የሉም። «ትናንት ማታ እኮ አውቀው ነበር» አለችኝ፣ እንባ እየተናነቃት። እውነቷን ነው። ገጹ ፊቷ ተዘርግቶ ሳለ ዓይኗ ሁሉንም ስለሚለየው ያወቀችው መስሏታል፤ ይሁን እንጂ ያነበቡትን ሲያዩት መለየትና ሳያዩት ከራስ ማውጣት ለየቅል ናቸው፤ በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚፈለገው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በ4 የንባብ ጊዜያት ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው ቡድን በአንዱ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት 3 ጊዜያት ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን እነርሱ 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ሌሎቹ 61 በመቶ አስታወሱ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ በኋላ አብልጠው የረሱት እነዚያው ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በደንብ እናስታውሳለን ብለው አብልጠው የተማመኑ መሆናቸው ነው። የእርስዎም ልጆች ፈተና ክፍል እስኪገቡ ድረስ አለማወቃቸውን የሚነግራቸው ነገር ላይኖር ይችላል። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ግን ይህ አይገርመውም፤ ተማሪው መጽሐፉን አጥፎ የተማረውን ለመምህሩ በቃሉ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ያቺን ተማሪ ያዘዝኳት ቀላል ነገር ነበር። አንድ ርእስ አንብባ ሃንድአውቱን ታጥፋለች፤ የምታስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ትስላለች ወይም ትጽፋለች፤ ከዚያ ገልጣ የጎደለውን በቀይ ትሞላለች። ይህንኑ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ እንደገና ከባዶ ወረቀት ትጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ቀዩ ስለሚበዛ ልጆቹ ወደ ኋላ የተመለሱ ይመስላቸዋልና በዚያ ጊዜ ከአጠገባቸው አይራቁ።

ይህ ሽምደዳ እንዳይሆን ደግሞ «ለምን?» እያሉ ይጠይቋቸው። የላይኛው ክንድ አጥንቱ መሐል ላይ የተሰበረ ሰው እጁ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቢመጣ፣ እጅን ከአንጓው ቀና የሚያደርጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው ራዲያል ነርቭ ያንን አጥንት ከኋላ ታክኮ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ተማሪ ምክንያቱን ለጓደኛው ማስረዳት ይችላል። ማስረዳቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይበጃል፤ የእንግሊዝኛው ስያሜ በኋላ ይሰካበታል። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተሸፍኖ ያለፈ አለመረዳት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ወዲያው ይጋለጣል።

እንቅልፍን በተመለከተ አጥብቀው ይናገሩ፤ ያነበቡት የሚረጋው ሲተኙ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንብቦ የማይዘው ሁሉ ችግሩ የአነባበብ አይደለም። ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየ፣ ገንዘብ ያለቀበት፣ ሰሌዳው በደንብ የማይታየው፣ ወይም ከጭንቀት የተነሳ ምግብ የማይበላ ልጅ ሊኖር ይችላልና ከፈተናው ውጤት በፊት ስለ ኑሮው ይጠይቁት፤ ከእርስዎ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ተማሪዎች ምክር አገልግሎት ወይም ወደ ክሊኒኩ ራስዎ ይዘውት ይሂዱ። ሁልጊዜ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ መውደቁን ለዶርም ጓደኛው እንኳ አይናገርም፤ ስለዚህ ስሙን በክፍል ውስጥ አይጥሩ። ከአራቱ የማይመጣ ቢኖርም እንደ እምቢተኛ አይቁጠሩት፤ አፍሮ ነውና፣ ላይብረሪው ድረስ ሄደው ባዶ ወረቀት ይዘው ከጎኑ ይቀመጡ።