ሃይዌዩ ከደጄ ሲነሳ ካሳ ይገባኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቴክሳስ፣ ማኪኒ ከተማ ውስጥ በዩኤስ 380 ዳር፣ ዩኒቨርሲቲ ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ጋዝ ስቴሽንና አነስተኛ ስቶር ተከራይቼ እሠራለሁ። መሬቱም ሕንፃውም የአከራዬ ነው፤ የፕሮፐርቲ ታክሱን ግን በውላችን መሠረት የምሸፍነው እኔ ነኝ። ውሌ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። አሁን 380 በአዲስ ፍሪዌይ ከተማውን በሰሜን በኩል ዞሮ እንዲያልፍ ተወስኗል። የማውቃቸው ሰዎች አሮጌው መንገድ ከስቴቱ እጅ ወጥቶ ለከተማው ይሰጣል፣ መሐሉ ላይ ሚዲያን፣ ማለትም ሁለቱን አቅጣጫ የሚለይ ግንብ፣ ይሠራበታል፣ ካሉኝ ሁለት መግቢያዎችም አንዱ ይዘጋል እያሉ ያስፈራሩኛል። ግማሽ ያህሉ ደንበኛዬ መንገደኛ ነው። ለማጣው ገቢ ስቴቱ ካሳ ይከፍለኛል? አንድ ወዳጄ ደግሞ «ዋጋው ሳይወድቅ አሁኑኑ ሸጠህ ውጣ» ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በአጭሩ፣ በደጅዎ የሚያልፈው መኪና ስለቀነሰ ብቻ ካሳ አይከፈልዎትም። ከግቢው ቁራሽ መሬት ከተወሰደ ወይም መግቢያዎ ክፉኛ ከተጎዳ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔም ቢሆን ገንዘቡ ለእርስዎ ይድረስ ወይስ ለአከራይዎ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የኪራይ ውልዎ ነው። ይህን አንብበው ሲጨርሱ መጀመሪያ ከመሳቢያ የሚያወጡት ወረቀት እሱ ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን ካርታው ላይ የት እንዳሉ ይለዩ። ማኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 54,369 ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት፤ በ2020 ቆጠራ 195,308 ደርሳለች። ይህን ሁሉ ሰው 380 ሊሸከመው ስላልቻለ የቴክሳስ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቴክስዶት የምንለው፣ ከኮይት ሮድ እስከ ኤፍኤም 1827 ከሚባለው መንገድ የሚደርስ 15 ማይል ያህል መስመር በሴፕቴምበር 2023 አጸደቀ። መስመሩ በምዕራብ ጫፍ ነባሩን 380 ይዞ ጥቂት ይሄድና ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ከተማውን ዞሮ በምሥራቅ በኩል ከነባሩ ጋር ይገናኛል። ነባሩን መንገድ ይዞ በሚሄድበት ክፍል ላይ ከሆኑ ፍሪዌዩ ከነሰርቪስ ሮዱ (ከጎኑ ከሚሄደው መንገድ) ጋር የሚሰፋው ወደ እንደ እርስዎ ያሉ ግቢዎች ነውና ጉዳይዎ የመሬት መወሰድ ጉዳይ ይሆናል። መሐል ከተማው ላይ ከሆኑ መንገዱ ባለበት ይቀራል፣ የሚሄደው መኪናው ነው። ከጥያቄዎ የገባኝ ይኸኛው ስለሆነ መልሴን በእሱ ላይ አተኩራለሁ።

መስመር መጽደቁና ግንባታ መጀመሩ ደግሞ ለየቅል ናቸው። በመካከል መሬት ይገዛል፣ የመብራት፣ የውሃና የጋዝ መስመሮች ይነሳሉ፣ ገንዘቡም በየምዕራፉ ይመደባል። ስለ መሸጡ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ወዳጅዎ ግን ቸኩለዋል።

«መንገዱ ከስቴቱ እጅ ይወጣል» የሚለውን ወሬ በተመለከተ፣ ሰው አንድ ላይ የሚደባልቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመንገዱ ቁጥር መቀየር አንድ ነገር ነው፤ መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል መለወጥ ሌላ ነው፤ መንገዱ ጭራሽ መዘጋት ደግሞ ሌላ። የዩኤስ ቁጥር ከአንድ መንገድ ወደ ሌላ የሚዛወረው ስቴቱ ጠይቆ የስቴቶቹ የሃይዌይ ባለሥልጣናት ማኅበር ሲያጸድቀው ነው። ቁጥሩ ሲሄድ አሮጌው መንገድ ብዙ ጊዜ «ቢዝነስ» የሚል ቅጥያ ይዞ ወይም ሌላ የስቴት ቁጥር ተሰጥቶት እዚያው በስቴቱ እጅ ይቆያል። ምሳሌው እዚያው ከተማዎ ውስጥ ነው፦ ዛሬ ስቴት ሃይዌይ 5 የሚባለው ማክዶናልድ ስትሪት፣ ፍሪዌዩ ሳይሠራ በፊት ዩኤስ 75 ራሱ ነበር። ቁጥሩ ተነሳ፣ መንገዱ ግን አለ።

ወደ ከተማው ማዛወሩ የቴክሳስ ትራንስፖርት ኮሚሽን መደበኛ ውሳኔ ይፈልጋል። በ2013 ቴክስዶት 1,900 ማይል ያህል የስቴት መንገድ ለከተሞች ልመልስ ብሎ ሲነሳ ከተሞቹ «ጥገናውን በእኛ ላይ ልትጥሉ ነው» ብለው ጮኹ፤ ነገሩም ለፈቃደኞች ብቻ ሆኖ ቀረ። ከፈቃደኞቹ አንዷ ሳን አንቶኒዮ ነበረች። ብሮድዌይ የሚባለውን መንገድ በ2014 ልትረከብ ተስማማች፤ በ2017 ሕዝቡ ለመንገዱ 42 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጸደቀ፤ መስመሮቹን ቀንሶ የእግረኛ መንገድ ለማስፋት ዝግጅቱ ተጧጧፈ። በጃንዋሪ 2022 ኮሚሽኑ ርክክቡ በመደበኛ ውሳኔ አልተቋጨም ብሎ መንገዱን መልሶ ያዘው። ስምንት ዓመት ገደማ የከተማው ነው ሲባል የኖረ መንገድ የስቴቱ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ለከተማው ተሰጥቷል» የሚል ሰው ሲያገኙ የኮሚሽኑን የውሳኔ ቁጥርና ቀን ይጠይቁት። ካላሳየዎት ወሬ ነው።

ርክክቡ ቢፈጸምም መብትዎ አብሮ አይጠፋም። ከመንገድ ጋር የሚዋሰን መሬት ወደዚያ መንገድ የመውጣትና የመግባት መብት አለው፤ የመንገዱ ባለቤት ስቴቱም ሆነ ከተማው፣ የሚገዙት በአንድ ሕገ መንግሥት ነው። የሚለወጠው የሚያመለክቱበት ቢሮ ነው። ለዚህም አሁን ያሉት ሁለት መግቢያዎች በቴክስዶት ፈቃድ የተሠሩ መሆናቸውን የሚያሳየውን ሰነድ ፋይሉ ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት ዛሬውኑ ቅጂ ያውጡ። ፈቃድ የሌለው መግቢያ ይዞ ስለ መግቢያ መከራከር ከባድ ነው።

አሁን ወደ ካሳው። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1፣ ክፍል 17 ንብረት ሲወሰድ ብቻ ሳይሆን ሲጎዳ ወይም ሲወድምም በቂ ካሳ እንዲከፈል ያዛል። ሀገር ቤት ካሳ በመሬቱ ላይ ለተሠራው ንብረት የሚከፈል ስለሆነ ብዙ ወገኖቻችን «ሕንፃው እስካልፈረሰ ምንም የለም» ብለው ይቀመጣሉ፤ እዚህ እንደዚያ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ሲጎዳ» የሚለውን ቃል አይተው ገቢዬ ስለተጎዳ ይከፈለኛል ይላሉ። ይህንን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ስቴቱ በሽሚት ላይ በተባለው መዝገብ ዘግቶታል። ነገሩ ኦስቲን ውስጥ በዩኤስ 183 ላይ የተነሳ ነው። መንገዱ ወደ ከፍታ ፍሪዌይ ሲቀየር ባለንብረቶቹ መኪናው ሌላ ጋ ሄደ፣ ደንበኛ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ሕንፃችን ከመንገድ አይታይም፣ ግንባታውም አወከን አሉ። ፍርድ ቤቱ ይህ ሁሉ የአካባቢው ሰው በጋራ የሚሸከመው ጉዳት ነው፣ ካሳ የለውም አለ። በ2011 የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ይህንኑ በፕሮፐርቲ ኮድ ክፍል 21.042 ውስጥ አስገባው፦ ዙሪያ ጥምጥም መሄድና የትራፊክ ወደ ሌላ መዞር በካሳ ስሌት አይገቡም፤ ንብረቱ ከመንገዱ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ላይ ያለው ቀጥተኛ መግቢያ በእጅጉ መጎዳቱ ግን ይገባል።

በእኔ እምነት ሕጉ ለትንንሽ ነጋዴዎች ጨካኝ ነው። ስቴሽኑ የተተከለው፣ ኪራዩም የተተመነው ያ መኪና ያልፋል ተብሎ ነው። ፍርድ ቤት ግን የእኔን እምነት አይከተልም።

ስለዚህ ጭንቀትዎን ከ380 መኪና ወደ መግቢያዎ ያዙሩት። ሚዲያኑ ብቻውን፣ ማለትም ከወዲያ የሚመጣው መኪና ወደ ግራ ታጥፎ እንዳይገባ መከልከሉ፣ ካሳ አያስገኝም፤ ደንበኛው ዞሮ መምጣት ይችላል ይባላል። ከሁለት መግቢያ አንዱ መዘጋቱም ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው የቀረው መግቢያ ቦታው ለሚሰጠው አገልግሎት ይበቃል ወይ ነው። እዚህ ላይ የጋዝ ስቴሽን ነገር ከልብስ ስፌት ይለያል። ነዳጅ የሚያመጣልዎት ረጅም ቦቴ በአንዱ ገብቶ፣ ታንኮቹ አጠገብ ቆሞ ቀድቶ፣ በሌላው የሚወጣ ከሆነ፣ አንዱ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ መዞሪያ ያጣል፤ ፓምፕ በሞላበት ግቢ ወደ ኋላ መንዳት ወይም አውራ ጎዳና ላይ እየተገፋ መውጣት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ቦቴው ካልገባ ስቴሽኑ ስቴሽን አይደለም። አሁን መግቢያዎቹ ሁለቱም ክፍት እያሉ ቦቴው ሲገባ፣ ሲዞርና ሲወጣ በቪዲዮ ያስቀርጹ፤ የመግቢያዎቹን ስፋት ያስለኩ። የጉዳቱ መጠን «በእጅጉ» የሚባል መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ዳኛው ነው፤ ዳኛ ደግሞ ከምስክር ቃል ይልቅ ይህን አይቶ ይረዳል። መሬት ባይወሰድም እንኳ መግቢያ በእጅጉ ከተጎዳ መጠየቅ እንደሚቻል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1965 በዌኮ ከተማ ጉዳይ ላይ ወስኗል።

ኪራይ ውልዎን ሲያነቡ «ኮንደምኔሽን» የሚለውን፣ ማለትም መንግሥት ንብረት በካሳ ሲወስድ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። በቴክሳስ ተከራይ በመርህ ደረጃ ከካሳው የድርሻውን ያገኛል፤ በታተሙት ውሎች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ «ማንኛውም ካሳ የአከራዩ ነው» የሚል አንድ መስመር ተሰክቶ ይገኛል። ከፈረሙበት፣ ፈርመውበታል። የቀረዎት ድርድር ነው፤ ውሉን ለማራዘም ወይም ለማሻሻል አከራይዎ ሲፈልግዎ፣ መግቢያ ከተዘጋ ኪራይ እንዲቀንስ ወይም ውሉን ማቋረጥ እንዲችሉ የሚል አንቀጽ ያስገቡ።

የነዳጅ አቅርቦት ውሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። አቅራቢው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ዝቅተኛ የጋሎን መጠን ያስቀመጠ ከሆነ መኪናው ሲቀንስ ጉድለቱን ከኪስዎ ይጠየቃሉ። ለፓምፑ፣ ለጣራውና ለምልክቱ የሰጠዎት ገንዘብ ካለም ውሉን ቀድመው ሲያቋርጡ በውሉ ዘመን ገና ተቀናንሶ ያላለቀውን ቀሪ ሂሳብ ያስመልስዎታል። ይህን አንቀጽ ለማስተካከል ጊዜው አሁን ነው። አንዴ ሽያጭዎ ከወረደ በኋላ አቅራቢውን የሚያስደራድር ጉልበት አይኖርዎትም።

የትራፊክ መቀነስ ዋጋ የሚያገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ታክስ ነው። የካውንቲው ገማች የቦታውን የገበያ ዋጋ ሲተምን መኪና ያጣ መንገድ ዳር ያለ ስቴሽን ዋጋው መውረዱን ማየት አለበት። ታክሱን በውል የሚሸፍን ተከራይ፣ አከራዩ ካልተቃወመ ራሱ መቃወም እንደሚችል የታክስ ኮድ ክፍል 41.413 ይፈቅዳል፤ አከራዩም የግምቱን ማስታወቂያ ቅጂ በ10 ቀን ውስጥ እንዲልክልዎ ያስገድደዋል። የመቃወሚያው የመጨረሻ ቀን በአብዛኛው ሜይ 15 ነው። በየዓመቱ ይጠይቁ።

መሬት የሚወሰድ ከሆነ ደብዳቤው የሚሄደው ለባለመሬቱ ስለሆነ ለእርስዎ ላይደርስ ይችላል። መሬቱን የሚወስደው አካል ከመጀመሪያው የዋጋ አቅርቦት 30 ቀን፣ ከመጨረሻው 14 ቀን ከጠበቀ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ዳኛው ካሳውን የሚተምኑ ሦስት ኮሚሽነሮች ይሰይማል። የወሰኑት ካልተስማማዎ ውሳኔው ከገባበት ቀን 20ኛውን ቀን ተከትሎ እስከሚመጣው ሰኞ ድረስ በጽሑፍ መቃወም አለብዎት። ያቺ ሰኞ ካለፈች አለፈች። በመዝገቡ ላይ ስምዎ በተከራይነት መግባቱን ያረጋግጡ። የንግዱ ትርፍ በመሬቱ ዋጋ ውስጥ እንደማይቆጠርም ይወቁ። ከቦታው ጨርሶ የሚነሱ ከሆነ የ1970ው የፌዴራል ሕግ የማጓጓዣና መልሶ የመቋቋሚያ ወጪ ይሸፍናል፤ መብት እንዳለዎት የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሳይደርስዎ ግን አንድ ፍሪጅ እንኳ እንዳይጭኑ። ቀድሞ የወጣ ሰው እንዳልተነሳ ሊቆጠር ይችላል።

ወደ ሽያጩ ልመለስ። በእኛ ሰዎች መካከል ስቴሽን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በመተማመን ነው፤ ገዢው ግማሹን ይከፍላል፣ ቀሪው በየወሩ ይሆናል፣ የኪራዩ ውል በሻጩ ስም ይቆያል። ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ስለ አዲሱ መስመር የሚያውቁትን ለገዢው በጽሑፍ ይንገሩ፤ ደብቀው ቢሸጡ ነገ በማጭበርበር የሚከስዎት ያው የማኅበር ጓደኛዎ ነው። የኪራይ ውሉን ለእሱ ቢያስተላልፉም አከራዩ የግል ዋስትናዎን በጽሑፍ ካልሰረዘልዎ ገዢው ያልከፈለውን ኪራይ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። የነዳጅ አቅራቢውም እንዲሁ። እነዚህን ሁለት የጽሑፍ ማሰናበቻዎች ሳይዙ ከሸጡ ስቴሽኑን አጥተው ዕዳውን ይዘው ይወጣሉ፤ ለዚህ ነው ወዳጅዎ ቸኩለዋል ያልኩት።

አዲሱ ፍሪዌይ ሲከፈት ደግሞ ኤግዚቱ አጠገብ «ጋዝ» በሚለው ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ የስቴሽንዎን ምልክት ለማስለጠፍ ማመልከት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ክፍያ አለው፤ ከመውጫው ያለው ርቀትም ይታያል።

ከላይ ያልኩት ለሁሉም አንባቢ የሚሆን አጠቃላይ ማብራሪያ ነው፤ የእርስዎን ውል አላየሁም። በቴክሳስ ፈቃድ ያለው፣ በኮንደምኔሽን ላይ የሚሠራ ጠበቃ ጋር ሲሄዱ የኪራይ ውሉን ከነማሻሻያዎቹ፣ የነዳጅ አቅርቦት ውሉን፣ የመግቢያ ፈቃዱን፣ የቦቴውን ቪዲዮና የሦስት ዓመት የጋሎን ሽያጭ መዝገብ ይዘው ይሂዱ።