አሮጌ ጠመንጃ ለታሪካዊ ትዕይንት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥ፦ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ምሽግ በትዕይንት ልናሳይ ነው። አሥራ ሁለት ጠመንጃ ያስፈልገናል፤ ገንዘባችን ግን ከሦስት አያልፍም። ምን ይሻለናል?

መ፦ ሦስቱንም አትግዙ። አንድ ደህና ጠመንጃ ገዝታችሁ ሰው ቀርቦ በሚያየው ጠረጴዛ ላይ አኑሩት፤ ለተሰላፊዎቹ የማይተኩስ ቅጂ ይበቃል። አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ተመልካች የሚያየው የጠመንጃውን ቁመት፣ የእንጨቱን ቀለም፣ ማንገቻውንና ሳንጃውን ነው። የተረፈውን ገንዘብ ዘመኑን ለሚመስል የቆዳ ማንገቻና ዝናር አውሉት። የናይለን ማንገቻ የተንጠለጠለበት እውነተኛ ጠመንጃ ከጥሩ ቅጂ በታች ያስገምታል።

አንዱን ስትመርጡ በየክፍሎቹ ላይ የተመቱት የመለያ ቁጥሮች እርስ በርስ የማይመሳሰሉትን ጠይቁ። ለሰብሳቢ ትልቅ ጉድለት ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ ለትዕይንት ግን ምንም አይጎዳም። ለአደን ተብሎ የፊት እንጨቱ የተቆረጠው ግን አያታልላችሁ፤ የጎደለውን እንጨትና ቀለበት አፈላልጎ መግዛት ቅናሹን ይበላዋል። መሬት ላይ ለሚወድቁት ተሳታፊዎች የጎማ ቅጂ ስጧቸው፤ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ቅጂ ሲወድቅ አይጎብጥም፣ ቁርጥ ይላል።

ጥ፦ ለዚሁ ጦርነት ሞሲን ናጋንት የተባለውን የሩሲያ ጠመንጃ በርካሽ አገኘሁ። ይሆናል?

መ፦ ሻጩ የሚያሳይዎት በ1930 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው ከሆነ ለአንደኛው ጦርነት አይሆንም። በገበያው የሚበዛውም እሱ ነው። የ1891ዱ እግረኛ ጠመንጃ ባርሉ (ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ) 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የኋላ ማነጣጠሪያው የተከፋፈለው አርሺን በሚባለው በድሮው የሩሲያ መለኪያ ነው። የ1930ው ባርሉ 73 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማነጣጠሪያው በሜትር ተከፋፍሏል፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያም ክብ መከለያ አለው። ለሁለተኛው ዓለም ጦርነት የሶቪየት ወታደር ትዕይንት ግን ይስማማል።

ጥ፦ የ1870 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ቬተርሊ ጠመንጃ ሊሸጥልኝ ነው። «ምንም ያልተነካ ነው» ይላል ሻጩ። እንዴት አረጋግጣለሁ?

መ፦ አፈሙዙን በባትሪ ይዩት። የመጀመሪያው ቀዳዳ 10.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰፊ ነው። ቀዳዳው ጠቦ ዙሪያውን ቀጭን የቀለበት መስመር ከታየዎት፣ በአንደኛው ጦርነት ጊዜ ውስጡ ሌላ ቱቦ ተሰክቶ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር የተቀየረው ነው። በጠመንጃው ሆድ ስር የወጣው የጥይት ሣጥን ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ ከ1887 ጀምሮ ነጠላ ተኳሾቹ አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን እየተጨመረላቸው ነበር። የተቀየረው በዋጋ ይረክሳል፤ ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ትዕይንትም ሰው አፈሙዙ ድረስ ካልተጠጋ ያስኬዳል። በጥይት ግን አይሞከር። መቀርቀሪያው የተሠራው ለድሮው ባሩድ ግፊት ነው።

ጥ፦ የገዛሁት ጠመንጃ ቡናማ ወፍራም ቅባት ተለብጦ መጣ። እንዴት ይጸዳል?

መ፦ መጀመሪያ መቀርቀሪያውን ያውጡና ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ኮስሞሊን የሚሉት ይህ ቅባት ከ45 እስከ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣልና ከመፋቅ ማሞቅ ይቀላል። ብረቱን ከእንጨቱ ይለዩ። ብረቱን አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀው፣ በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉና ወዲያው ስስ ዘይት ይቀቡት፤ ቅባቱ የለቀቀው ብረት ለዝገት የተጋለጠ ነው። እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ያኑሩት፤ ቅባቱ ሲያልበው ጨርቁን እየቀየሩ ይጥረጉ።

በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ትልቁ ስሕተት ነው፤ የፋብሪካውን ማኅተም አንዴ ካጠፉት አይመለስም። እንጨቱ ሲጠራ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡት። ዘይቱን የነካውን ጨርቅ ግን አጨማደው አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ጥ፦ «መተኮስ እንዳይችል የተደረገ» ጠመንጃ ወረቀት ያስፈልገዋል?

መ፦ አዎ፤ የሻጭ ቃል አይበቃም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሚያዝያ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ደንብ የምስክር ወረቀትና በጠመንጃው ላይ የተመታ ምልክት ይጠይቃል። በድሮ ደንብ የተዘጋ (መተኮስ እንዳይችል የተደረገ) ከሆነ እንደገና ሳይስተካከል መሸጥ ላይቻል ስለሚችል፣ ዋጋው የረከሰው ለዚህ እንዳይሆን ይጠይቁ። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ይለያያል። «ዲፒ» የሚል ምልክት የተመታበት የእንግሊዝ መለማመጃ ጠመንጃ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ግን ያረጀ ወይም የተዳከመ እንጂ የተዘጋ አይደለም፤ ሕጉም እንደ ሙሉ ጠመንጃ ሊያየው ይችላል።

ጥ፦ ከትዕይንቱ በኋላ በቆዳ ማኅደሩ ላስቀምጠው?

መ፦ አያድርጉት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከፋቂው የቀረበት ኬሚካልም ብረት ያዝጋል። በዘይት ጠርገው ደረቅ ቦታ ያቁሙት። እውነተኛ ጠመንጃ ከሆነ መቀርቀሪያውን አውጥተው በሌላ ሣጥን ይቆልፉበት።