ማርስ ላይ የሚኖር ክርስቲያን ረቡዕንና ዓርብን እንዴት ይጾማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና የግቢ ጉባኤ አባል ነኝ። ዶርም ውስጥ ሰዎች ማርስ ላይ ሰፍረው ስለ መኖራቸው ስናወራ አንድ ሙስሊም ጓደኛችን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ማሌዥያዊ ጠፈርተኛ ወደ ሕዋ ሲሄድ የሀገሩ ሊቃውንት ስለ ሶላትና ስለ ጾም መመሪያ አውጥተውለት እንደነበር ነገረን። «የእናንተስ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ለመሆኑ መሄዱ ራሱ ኃጢአት አይሆንም ወይ? መዝሙረኛው «ምድርን ግን ለሰው ልጆች ሰጣት» ይላልና። ካልሆነስ ጾሙ፣ በዓሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለዩ፣ ቅዳሴው እንዴት ይደረጋል?

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛህ በቅንነት ስለጠየቀህ አንተም በቅንነት መልስለት። የምጽፍልህ የአንድ መምህር ሐሳብ ነው፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ ወሳኙ ቅዱስ ሲኖዶስ ነው።

መሄዱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ማርስ በዕለተ ረቡዕ ከተፈጠሩት ብርሃናት አንዷ ናት፤ ፍጥረት እንጂ የእግዚአብሔር ዙፋን አይደለችም። የባቢሎን ሰዎች የተወቀሱት «ስማችንን እናስጠራው» በማለታቸው ነው። በዚያ መንፈስ የሚሄድ ይበድላል፤ በዚያ መንፈስ ጅማ ላይ ፎቅ የሚሠራም እንዲሁ። ዳዊት ደግሞ «ወደ ሰማይ ብወጣ አንተ በዚያ ነህ» ብሏል፤ ስለዚህ እዚያ የሚሰማን የለም ብሎ የሚፈራ አይኑር።

ከባዱ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የማርስ አንድ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ትርፉ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲጠራቀም 36 የማርስ ቀን ገደማ ሲሞላ ከእኛ አንድ ሙሉ ቀን ወደ ኋላ ያስቀራል። እዚያ ያለው ሰው በራሱ ፀሐይ ብቻ ቢቆጥር ከአንድ ወር ጥቂት አለፍ ብሎ እሱ ረቡዕ ሲል እኛ ሐሙስ ላይ እንሆናለን። ዓመቱም 687 የምድር ቀናት ስለሆነ በዚያ ዓመት ቢሄድ ዐቢይ ጾምን የሚጾመው እኛ ሁለት ጊዜ ልንጾም ስንቃረብ ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብንም እዚያ ወስዶ መቁጠር አይቻልም። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት የስሌቱ ቁጥሮች የሚወጡት ከእኛ ፀሐይና ጨረቃ ዑደት ነው። ማርስ ሁለት ጨረቃዎች አሏት፤ ፎቦስ የምትባለው በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራታለች፣ በምዕራብ ወጥታም በምሥራቅ ትጠልቃለች። በእርሷ ፋሲካን ላስላ የሚል ባለ ባሕረ ሐሳብ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

እኔ እንዲህ እላለሁ፦ የጸሎቱ ሰዓትና የጾሙ ሰዓት በዚያው ፀሐይ ይሁን። ሲነጋ የነግህን ይጸልይ፤ በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ጾሙን ይፍታ። ዕለቱና በዓሉ ግን እዚህ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ይሁን። ፀሐይ ሲወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ የዋለው ቀን ረቡዕ ከሆነ ይጹም። አልፎ አልፎ አንድ ቀን ይዘለላል፤ የተዘለለው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ በማግስቱ ቢጾመው መልካም ነው። ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። ጾም የግል ልማድ አይደለም፣ አብረን የምንጾመው ነው። እናት ጅማ ላይ ትንሣኤን ስታከብር ልጇ እዚያ ገና ሰሙነ ሕማማት ላይ ከሆነ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ልትሆን መንገድ ጀምራለች ማለት ነው። ይህን እፈራለሁ።

የሚበላው ነገር ብዙም አያሳስብም። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከብት ይዘው አይሄዱም፤ አየሩ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆነበት፣ አፈሩም መርዛም ጨው ባለበት ቦታ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያበቅሉትን አትክልት ነው የሚበሉት። ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ነው። እንግዲህ ጾማቸው በሰዓቱና በልክ መብላቱ ላይ ይሆናል፤ ከሁሉም በላይ ከጨረር ለመጠለል በጠበበ ቤት ታጭቀው ሲኖሩ አንደበትን ከቁጣ መጾሙ ላይ። በጉዞ ላይ ግን ላላ ይበል። መንገዱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው፤ ክብደት በሌለበት ደግሞ የጠፈርተኛ የዳሌ አጥንት በወር ከአንድ በመቶ በላይ እየሳሳ ይሄዳል። ሥርዓታችን ለሕመምተኛ እንደሚራራ ታውቃለህ፤ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ይስማ።

ምሥራቅ ማርስ ላይ አለ። እንደ ምድር ስለምትሽከረከር ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች። ችግሩ መንኮራኩር ውስጥ ነው፤ ምድርን በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ገደማ ትወጣለች። እዚያ ያለ ሰው ሥዕለ አድኅኖ ወዳስቀመጠበት ዞሮ ይጸልይ።

ቅዳሴው ላይ ስደርስ ግን እንዲህ በቀላሉ መናገር አልችልም። ስንዴ ሊበቅል ይችላል፣ ዘቢብ ከምድር ሊላክ ይችላል። እሳቱስ? እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ የአፖሎ 1 ሦስት ጠፈርተኞች መሬት ላይ ሳሉ በመንኮራኩራቸው ውስጥ በተነሣ እሳት ሞተዋል። ኦክስጅን በሚለካበት ዝግ ቤት ጧፍ ማብራት፣ በጽና ፍም ይዞ ማጠን የሁሉንም ነፍስ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ያለ ዕጣን ቀድሱ ለማለት ደግሞ ሥልጣን የለኝም። ይህን አባቶች ይዩት።

ንስሐም አለ። በሬዲዮ የሚላክ ድምፅ ከማርስ ወደ ምድር ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ምክር በዚህ መንገድ ይሰጣል፤ ሥጋ ወደሙ ግን አይላክም። ስለዚህ ክርስቲያኖች ለመኖር ከሄዱ ካህን አብሯቸው መሄድ አለበት፤ ቅዳሴ እንዲቀደስም ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ጥቂት ሰው ብቻ በሚይዝ ሰፈር አምስት ሰው ለዚህ ብቻ መመደብ አይቻልም፤ ካህኑ ሐኪም፣ ዲያቆኑም መሐንዲስ ሊሆን ይገባል። በግቢ ጉባኤያችሁ ምህንድስናና ሕክምና የሚማሩ ዲያቆናት ካሉ ይህን ጥያቄ ከእነሱ ጋር ተወያዩበት።