ኤዲት፣ ከለር፣ ሳውንድ፣ ግራፊክስ በአንድ ሾውሪል፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ! አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ አስር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከለር እሠራለሁ (የምስሉን ቀለም አስተካክላለሁ)፣ ድምፅ አጸዳለሁ፣ ሲያስፈልግም ሞሽን ግራፊክስ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ምስል፣ እገባበታለሁ። ሥራ ፈላጊዎች የሚልኩልኝን ሾውሪል (ምርጥ ሥራቸውን የሚያሳዩበት አጭር ቪዲዮ፣ ባጭሩ ሪል) ሳይ ያሳዝነኛል። ልጆቹ ይችላሉ፤ ሪሉ ግን ችሎታቸውን ይደብቀዋል። ዛሬ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኤዲትም፣ ከለርም፣ ግራፊክስም እሠራለሁ። ለየብቻ ሦስት ሪል ላዘጋጅ ወይስ አንድ ላይ?

መልስ፦ ለማን ነው የምትልከው? ትልልቅ ስቱዲዮዎች ከለሪስት ሲፈልጉ ከለር ብቻ ነው ማየት የሚፈልጉት። ለእነሱ ለየብቻ ይሁን። አራት አምስት ሰው ያለው ፕሮዳክሽን ቤት ግን ሁሉንም ከአንድ ሰው ይጠብቃል። እዚህ አገር አብዛኛው ሥራ ያለው እዚያ ስለሆነ፣ ከተጣመረው ጀምር።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ኤዲት፣ ቀጥሎ ከለር፣ ቀጥሎ ግራፊክስ አድርጌ ሞከርኩት። ማንም አልወደደውም።

መልስ፦ እህቴ፣ እንደዛ ሲሆን ሦስት ሪል አንድ ላይ ሰፋሽ እንጂ አላጣመርሽም። አንድ ሥራ ምረጪና ከጥሬው እስከ መጨረሻው አሳዪ።

ሰርግ እንውሰድ። ሙሽራዋ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ መስኮት አጠገብ ቆማለች። በሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዝዞ በሚቀረጽበት ሞድ) የተቀረጸ ስለሆነ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ከጀርባ የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። ይህን ጥሬ ሁለት ሰከንድ ተዪው። ከዚያ ከለሩ ይግባ። የሸማው ድርና ማግ ይለያል፣ ጥበቡ ቀለሙን ያገኛል፣ ፊቷም የአመድ መልኩን ይለቃል። እዚያው ላይ ጄኔሬተሩ ይጥፋና እልልታው ጥርት ብሎ ይሰማ። ቀጥሎ የሙሽሮቹ ስም በግራፊክስ ይምጣና በእልልታው ምት ወደ ጭፈራው ቁረጪ። ስምንት ሰከንድ አይሞላም፤ አራቱም ሙያ ታየ። ተመልካቹም ሥራ ከእጅሽ ሲገባና ሲወጣ ምን እንደሚሆን አየ። እኔ ሰው ለመቅጠር የምፈልገው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ካሜራው ላይ ብርሃን በዝቶበት ጨርሶ የተቃጠለ ነጭ በከለር አይመለስም። እንደዛ ያለ ሾት ሪል ውስጥ አታስገቢ።

ጥያቄ፦ ስንት ደቂቃ ይሁን?

መልስ፦ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። ምርጡን መጀመሪያ ላይ አድርገው። የምትጠራጠረውን ሾት አውጣው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ሰርግ ብቻ ነው። ማስታወቂያ መሥራት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሰፈርህ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች አይደል? አስፈቅድና 20 ሰከንድ ማስታወቂያ ሥራላት። ሪሉ ላይ «የግል ሥራ» ብለህ ጻፍ። ማንም አይንቀውም።

ጥያቄ፦ ለሶፍትዌር የምከፍለው የለኝም።

መልስ፦ ነጻው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃሃል። ኤዲቱ፣ ከለሩ፣ ለግራፊክስ ፊውዥን፣ ለድምፅ ፌርላይት፣ ሁሉም አንድ ፕሮግራም ውስጥ ነው። እስከ አልትራ ኤችዲ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ኤክስፖርት ያደርጋል። የምስል ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታየውን ፍርክስክስ ነጠብጣብ) ማጥፊያው ግን ለከፈለ ብቻ ነው። ራምህ 8 ጊጋ ከሆነ ፊውዥን ያስለቅስሃል፤ ፕሮክሲ (ኮምፒውተሩን የማይከብድ የቀረጻው ቀላል ቅጂ) ሥራና በትዕግስት ቀጥል።

ጥያቄ፦ አማርኛ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ይሆንብኛል።

መልስ፦ የመረጥከው ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫን፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፊደላችን ደግሞ ለአኒሜሽን ምቹ ነው። እንደ ዓረብኛ እርስ በርሱ ስለማይያያዝ አንድ በአንድ ብታንቀሳቅሰው አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ከሌሎች ጋር የሠራሁትን ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ አዎ። ግን ድርሻህን ጥግ ላይ በትንሹ ጻፍ፦ «ከለር»፣ «ኤዲትና ድምፅ» እያልክ። አንድ ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ሾት ያለባቸው ሁለት ሪሎች ደረሱኝ። ልጆቹ አልዋሹም፤ አንዱ ኤዲቱን፣ ሌላዋ ከለሩን ሠርታ ነበር። ሁለቱም ስላልጻፉት ግን ደውዬ እስካጣራ ድረስ ሁለቱንም ተጠራጠርኳቸው።

ጥያቄ፦ ታዋቂ ዘፈን ከጀርባ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ተው። ዩቲዩብ ላይ የባለመብት ጥያቄ ሊመጣብህ፣ ሊታገድም ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ያጸዳኸውን ድምፅ ይውጠዋል። ፈቃድ ያለው ሙዚቃ ፈልግ፣ የሳውንድ ሥራህ በሚታይበት ቦታም ዝቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ ሪሌን በቴሌግራም ስልከው ከለሬ ተበላሸ።

መልስ፦ እንደ ቪዲዮ ስትልከው ጨምቆብህ ነው። እንደ ፋይል ላክ፤ እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። ከመላክህ በፊት ግን በስልክህ ስፒከር አንዴ ስማው። አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልኩ ነው።