ጥይቱ ለምን ከዒላማው ኋላ ይቀራል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ በኮምፒውተር የአየር ውጊያ ሲሙሌተር ላይ ስለሚደረግ ተኩስ የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምጫወተው «ኢል-2 ስተርሞቪክ ግሬት ባትልስ» ሲሆን አዘውትሬ የማበረው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ ስፒትፋየር ማርክ 5 ቢን ነው። ተጠምዝዤ ከጀርመኑ ተዋጊ ሜሰርሽሚት 109 ጀርባ መግባት አያቅተኝም። መተኮስ ስጀምር ግን ጥይቱ ሁሉ ከኋላው ያልፋል፤ መድፎቹም ወዲያው ባዶ ይሆናሉ። ማነጣጠሪያውን ዒላማው ላይ በትክክል አሳርፌ እየተኮስኩ ለምን እስታለሁ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የሚስቱት ማነጣጠሪያውን ዒላማው ላይ በትክክል ስላሳረፉት ነው። በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአንድ ሰከንድ 125 ሜትር ይጓዛል። የስፒትፋየሩ 20 ሚሊ ሜትር ሂስፓኖ መድፍ ጥይቱን በሰከንድ ከ850 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ቢተፋም፣ ጥይቱ 300 ሜትር ለመሄድ ከሰከንድ ሲሶ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ፊትዎን በቀጥታ የሚያቋርጠው ሜሰርሽሚት 45 ሜትር ያህል ወደፊት ሄዷል፤ ይህም የራሱን ርዝመት አምስት እጥፍ ያህላል። ከእይታዎ መስመር በ30 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ሲሄድ ከፊቱ ቀድመው ማነጣጠር ያለብዎት ርቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሜትር ድረስ ከተጠጉት ደግሞ ፊትዎን በቀጥታ ሲያቋርጥ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ብዙ ተጫዋቾች የሚጨነቁበት የጥይት ወደ መሬት መውረድ በ300 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ለጊዜው ቢተዉት አይጎዳዎትም።

ከነዚህ ቁጥሮች እንደሚታየው፣ ጀማሪ አስቀድሞ ሊለማመደው የሚገባው ምን ያህል መቅደም እንዳለበት ማስላትን ሳይሆን ርቀቱንና ማዕዘኑን ማሳነስን ነው። ስሌቱን የሚያስተምሩ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ እኔ ግን ከ400 ሜትር እየተኮሰ ስሌቱ ስላልሰመረለት ከሚበሳጭ ይልቅ 150 ሜትር ድረስ ታግሶ የሚጠጋ ተጫዋች ቶሎ ይሻሻላል ባይ ነኝ።

ችግሩ በስክሪን ላይ ርቀትን በዓይን መገመት እጅግ አሳሳች መሆኑ ነው። በተለይ ምስሉን አጉልተው ሲያዩ 500 ሜትር ላይ ያለው አውሮፕላን አፍንጫዎ ሥር ያለ ይመስልዎታል። ለዚህ መፍትሔው ራሱ ስፒትፋየሩ ውስጥ አለ። በማነጣጠሪያው መስታወት ላይ በሚታየው ክብ ውስጥ መሃሉ ክፍት የሆነ አግድም መስመር ይገኛል። የክፍተቱን ስፋት የሚወስኑት ሁለት ማስተካከያዎች ናቸው፤ አንዱ የጠላትን የክንፍ ስፋት በጫማ፣ ሌላው ርቀቱን በያርድ ይቀበላል። የሜሰርሽሚት 109 ኤፍ እና ጂ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9.9 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 32 ጫማ ከግማሽ ያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን 32 አካባቢ፣ ሁለተኛውን 200 ላይ ያድርጉት። ከኋላ ሲያዩት ክንፎቹ ክፍተቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሞሉ 180 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነዎት፤ እስኪሞሉ ድረስ ጣትዎን ከመተኮሻው ያንሱ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የጥይቶቹ መገናኛ ርቀት ነው። መሣሪያዎቹ የተተከሉት ግራና ቀኝ ክንፍ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ በጥቂቱ ዘንበል ተደርገው በአንድ በተመረጠ ርቀት ላይ ጥይታቸው እንዲገናኝ ይደረጋል። ከዚያ ወዲህ ጥይቶቹ በዒላማው ግራና ቀኝ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ተላልፈው ይበተናሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዝ አየር ኃይል ይህን ርቀት 400 ያርድ ላይ አድርጎት ነበር። የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ አዶልፍ ማላንን የመሰሉ አብራሪዎች ግን ወደ 250 ያርድ አወረዱት፤ ብዙ ሳይቆይም ሌሎቹ ተከተሏቸው። በጨዋታው ውስጥ ይህን ከበረራ በፊት በአውሮፕላኑ ዝግጅት ገጽ መቀየር ስለሚቻል 200 ሜትር ላይ ያድርጉት። የሜሰርሽሚት 109 ኤፍ አብራሪ ይህ ሐሳብ እምብዛም የለበትም፤ መድፉ በማራገቢያው እምብርት በኩል ስለሚተኩስ ጥይቱ ከአፍንጫው ቀጥታ ይወጣል።

ጥይት ስለማለቁ የጠየቁት ሐቅ ነው። ማርክ 5 ቢ ለእያንዳንዱ መድፍ የሚይዘው 60 ጥይት ነው፤ መድፉ በሰከንድ 10 ያህል ስለሚተኩስ በጠቅላላው ያለዎት 6 ሰከንድ ብቻ ነው። ማላን ለአብራሪዎቹ ባወጣቸው ደንቦች ማነጣጠሪያው በእርግጥ ዒላማው ላይ ሲሆን ብቻ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ እንዲተኩሱ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዶች በመትረየሱ እየሞከሩ ዒላማውን ካገኙ በኋላ መድፉን መልቀቅ ይመክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የመትረየሱ ጥይት ከመድፉ ስለሚዘገይ ራቅ ሲል ያሳስታል፣ ያንን ሁሉ የጥይት ብርሃን ያየ ጠላትም ቀጥ ብሎ አይጠብቅዎትም።

አሁን ወደ ተኩሱ ቅጽበት እንምጣ። ዒላማው ወደ ግራ ተጋድሞ እየዞረ ከሆነ፣ ክንፎችዎ ከእሱ ክንፎች ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ተጋደሙ። ያኔ ዒላማው በማነጣጠሪያዎ ውስጥ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ስለሚንቀሳቀስ፣ ግራና ቀኝ መሳሳትዎ ይቀርና የሚቀርዎ መቅደም ብቻ ይሆናል። አፍንጫዎን ከፊቱ አሳልፈው ይሳቡ፤ በሞተሩ ሽፋን ሥር ሊሰወር ሲል ተኩሰው በጥይቱ መሃል እንዲያልፍ ያድርጉት። ከመተኮስዎ በፊት ደግሞ የመንሸራተት መርፌውን ይመልከቱ። በስፒትፋየር ላይ ከሁለቱ መርፌዎች የላይኛው ነው፤ መሃል ላይ ካልቆመ አውሮፕላኑ በጎኑ እየተንሸራተተ ስለሆነ ጥይቱ አፍንጫዎ ወዳመለከተው አቅጣጫ አይሄድም። የሞተሩን ኃይል በድንገት ሲጨምሩ ወይም ሲቀንሱ ይህ ይብሳል።

ለልምምድ ፈጣን ተልዕኮ በሚለው ክፍል ቀጥ ብሎ የሚበር የጭነት አውሮፕላን ይምረጡ፤ ከዚያ ተዋጊ ላይ ይለፉ። ያልተገደበ ጥይት የሚለውን ምርጫ ግን ያጥፉት፤ ውሃ እንደሚያጠጣ ሰው እየረጩ ዒላማ መፈለግን ከማስለመድ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ከበረራው በኋላ ቅጂውን ከፍተው፣ መተኮስ በጀመሩባት ቅጽበት ጨዋታውን አቁመው ትክክለኛውን ርቀት ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከገመቱት እጥፍ ሆኖ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1944 አውሮፕላኖች ላይ የተገጠመው ጋይሮ ማነጣጠሪያ ይህን ሁሉ ድካም አያስቀርም? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ያቀልለዋል፤ አያስቀረውም። በአሜሪካኖቹ ፒ-51 ዲ ላይ የተገጠመው ኬ-14 የእርስዎ አውሮፕላን በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ በሚሽከረከር ጋይሮ እየለካ ነጥቡን ወደ ኋላ ያንሸራትታል። ነጥቡን ዒላማው ላይ ሲያሳርፉ አፍንጫዎ በሚገባው ልክ ቀድሞ ይገኛል። ነገር ግን ስሌቱ እንዲሰምር የጠላትን የክንፍ ስፋት አስቀድመው መሙላት፣ ከዚያም የነዳጅ መስጫውን እጀታ እየጠመዘዙ በነጥቡ ዙሪያ ያሉትን ስድስት ምልክቶች ከክንፎቹ ጫፍ ጋር ማስተካከል አለብዎት፤ ዒላማውንም ሳይንቀጠቀጡ ለአንድ ሰከንድ ያህል መከተል ያስፈልጋል። መሪውን በድንገት የሚስብ ሰው ነጥቡ በመስታወቱ ላይ ሲዋኝ ያያል። ዒላማው በቅጽበት በፊትዎ ሲያልፍም ጋይሮው አይደርስም፤ ቋሚውን ምልክት መጠቀም ግድ ይሆናል። ስለዚህ በተራው ማነጣጠሪያ መጀመርን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ስለማመድ እመታለሁ፤ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ስጫወት ግን ሲነድ ማየት ያለብኝ አውሮፕላን ምንም ሳይሆን ይሄዳል። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስክሪንዎ ላይ የሚያዩት የተቃዋሚዎ አውሮፕላን፣ ዘግይቶ ከደረሰ መረጃ ተነሥቶ ኮምፒውተርዎ የገመተው ቦታ ነው። ግንኙነቱ ሲዘገይ፣ በተለይም ተቃዋሚው በድንገት ሲጠመዘዝ፣ ግምቱና እውነቱ ይለያያሉ። በተቻለ መጠን ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል ይገናኙ፤ ምርጫ ካለም የአሜሪካን ትተው የአውሮፓን ሰርቨር ይያዙ። የቀረው የአተኳኮስ ጉዳይ ነው። ፊትዎን በፍጥነት የሚያቋርጥ ዒላማ በመዘግየቱ ይበልጥ ስለሚዛባ፣ በእንዲህ ያለ ግንኙነት ላይ ከጅራት በኩል ተጠግቶ መተኮስ ይሻላል፤ ተቃዋሚዎ መጠምዘዝ ሲጀምርም ጥይትዎን ይዘው ቀጥ ብሎ እስኪበር ይጠብቁት።