ውሃ ሳቢ ሽፋን ወይስ ውሃ ወዳድ ቅብ?

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልን እህት ጥያቄሽ ደርሶኛል። ፋብሪካ ውስጥ ዘይት የገባበትን ፍሳሽ ስለሚያጣራው ሜምብሬን (ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ስስ ማጣሪያ) ለሰራተኞች ማሰልጠኛ በአማርኛ እያዘጋጀሽ ነው፣ እና ሜምብሬኑ ላይ የሚደረገውን ዘይት የማያስጠጋ ነገር «ዘላቂ ውሃ ሳቢ ሽፋን» ልበለው ወይስ «ውሃ ወዳድ ቅብ» ነው ያልሽው፣ ሰራተኞቹ እንደሆነ «ኮቲንግ» ብለው ጨርሰውታል።

«ሳቢ» ይቅር። መሳብ ከራቀበት ማምጣት ነው፣ ገመድ ይሳባል፣ ማግኔት ሚስማር ይስባል፤ ይሄ ግን ውሃን ከየትም አይጎትትም፣ የነካው ጠብታ ድቡልቡል ብሎ መቆሙን ትቶ ይዘረጋበታል (ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሰራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ያንሳል)፣ ከዛ ውሃው ቀድሞ ቦታውን ስለያዘ ዘይቱ የሚጣበቅበት ያጣል። «እቃ እንዴት ይወዳል፣ መውደድ ነፍስ ላለው ነው» የሚሉ አሉ። ማጀት ገብተው አያውቁም መሰለኝ! እኛ ሰሜን ሸዋ «ሽሮ ዘይት ይወዳል»፣ «ይሄ ዱቄት ውሃ ይወዳል» የማይባልበት ቤት የለም። ስለዚህ ወዳድ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፣ «ቅብ»። ግዕዙ ቀብአ ነው (በአልፋው አ፣ በዐይኑ ዐ የምትጽፉት ተዉ እባካችሁ)፣ ቅብእ ማለት ዘይትም ነው ቅቤም ነው፣ ቅባትም ከዚሁ የወጣ ነው። እንግዲህ ቅባት እንዳይጠጋው የተሰራን ነገር ቅብ ልንለው ነው? ያው «የቀለም ቅብ» ከተባለ ወዲህ ቅቤውን የሚያስታውስ የለም፣ አውቃለሁ፣ ለእኔ ግን አሁንም ይሸተኛል።

የኔ ምርጫ «ልባጥ» ነው፣ ዘጸአት ላይ ታቦቱ በወርቅ የሚለበጠው። ተከራካሪዬ «የለበጣ ሳቅስ?» ይለኛል፣ ቃሉ የማስመሰል ነገር አለበት ባይ ነው። አለበት። ግን ሜምብሬኑም ላይ ያለው ጣጣ እኮ ይሄው ነው፣ ላይ ላዩን የተደረገው ልባጥ በግፊት ውሃና በማጽጃ ኬሚካል ሲታጠብ ሲታጠብ ይሄዳል፣ በኬሚካል ትስስር የተያያዘው ነው የሚቆየው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነውን ፖሊዶፓሚን የሚባለውን ልባጥ ብዙ ሰው የወደደው ለዚህ ነው፣ ባህር ውስጥ ያለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበትን ዘዴ ኮርጆ የተሰራ ስለሆነ ያገኘው ገጽ ላይ ሁሉ ይይዛል፣ በላዩም ሌላ ውሃ ወዳድ ነገር ማሰር ይቻላል።

«ዘላቂ» ያልሽውን ደግሞ ለስብሰባ ተይው። ገበያ ጥለት የምታገላብጥ ሴት «ይለቃል?» ብላ ነው የምትጠይቀው፣ ሻጩም «አይለቅም» ነው የሚላት። «የማይለቅ ውሃ ወዳድ ልባጥ» ብለሽ ጻፊው፣ አጠገቡ «ኮቲንግ»ንም አስገቢ፣ ምን ይደረጋል። ሜምብሬንን ግን አትንኪው፣ ወንፊት ካልሽው ቀዳዳው በዓይን የሚታይ ይመስላቸዋል።